እንግዳ ሲመጣ የሚነሳው ባልዲ

ኦክላንድን በፎቶ ብቻ የሚያውቃት ሰው ፀሐይዋንና ድልድይዋን እንጂ እርጥበቷን አያውቅም። ኖሬባታለሁና ልንገራችሁ። ከባሕሩ የሚነሳው ጉም ሌሊቱን መስኮት ሥር አድሮ ጠዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጨው ይረጥባል፣ ስኳር ይጋገራል፣ የታጠበ ፎጣ ውሎ አድሮም አይደርቅም። ለወር ያልነካችሁት ጫማ አረንጓዴ ጺም ያበቅላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ የቴሌቪዥን ሰዎች "የሰማይ ወንዝ" የሚሉት ዝናብ ከባሕሩ ተነሥቶ ሲመጣ፣ ሰማዩ ቀናትን ሙሉ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል።

ጣሪያው ደህና ለሆነ ሰው ይኼ ሁሉ ጨዋታ ነው። ሙቅ ነገር ይዞ መስኮት ሥር ተቀምጦ "ዝናቡ ደስ ሲል" ይላል። እኔ እንዲህ የሚል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ ነው የምጽፈው።

ስሜ ሰናይት ነው። ያን ጊዜ ፓሎ አልቶ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ታጥቦ በእንፋሎት የሚቀቀልበት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዓይን የማያየውን ጀርም ስገድል እውልና፣ ድልድዩን ተሻግሬ በዓይን የሚታይ ሻጋታ ወዳለበት ቤት እገባለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እቴቴ ነው የምላት። አባቴ ሲሞት ብቻዋን ከምትቀር ብዬ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ስትመጣ ደረጃ ያለ ምርኩዝ የምትወጣ፣ ጉንፋን እንኳ የሚፈራት ሴት ነበረች።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ በኢንጂነርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው የሚኖሩት ሳን ሆዜ፣ ፀሐይ የማይለየው ኮረብታ ላይ ነው። ኦክላንድ ላይ የሚያከራዩአቸው አሮጌ የእንጨት ቤቶች አሏቸው። ቤተ ክርስቲያን ከፊት ይቆማሉ፣ በሠርግም በለቅሶም ቃል የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ቤቱን ሲያከራዩኝ ክሬዲት የሚሉትን የብድር ታሪክ አልጠየቁም፣ ማመልከቻም አላስሞሉኝም። "ያገር ልጅ ላገር ልጅ ምን የሊዝ ወረቀት ያስፈልገዋል" ነበር ያሉት። እኔም ያገር ልጅ የማር እጅ ብዬ ትከሻቸውን ስሜ ገባሁ። ንቧ የመጣችው በኋላ ነው።

ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ እኛ ላይኛውን ነበር የያዝነው። የእቴቴ ክፍል ከኋላ በኩል፣ ፀሐይ ፊቷን በማታዞርበት ጎን ነው። በመጀመሪያው ክረምት ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ጥቁረት ብቅ አለች። ነገርኳቸው። ሰው ላኩና ነጭ ቀለም አስቀቡባት። ሻጋታው ከቀለሙ ሥር ሆኖ ተደላድሎ ከረመ። በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳውን ጨርሶ ወደ ኮርኒሱ መውጣት ጀመረ። እቴቴም ማሳል ጀመረች።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ወጣት ሴት ነበረች፤ ቤታችን ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ወይም የሻገተ ቦታ እንዳለ ጠየቀች። ጥያቄውን ስተረጉምላት እቴቴ ከወንበሯ ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ቤታችን ንጹሕ ነው በያት" አለችኝ።

እኔ ግን እውነቱን ነገርኳት። ሐኪሟም እውነቱን ነገረችኝ፤ ይኼ ሳል አንድ ጊዜ ወደ ሳንባ ምች ከተለወጠ በእናቴ ዕድሜ መመለስ ይከብዳል፣ ከዚያ አየር አውጪያት አለችኝ። በመኪና ስንመለስ እቴቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም። ያኮረፈችው በሽታዋን ሰምታ እንዳይመስላችሁ። ገበናዋን ለባዕድ ስላወጣሁባት ነው።

ገበናን መቼም አስረጂን አትሉም። ያለን እንደሌለ፣ የሌለን እንዳለ አድርገን እንግዳ ፊት የምንዘረጋው ጨርቅ ነው። እቴቴ በዚህ ሕግ ኖራለች፣ እኔንም በዚህ ሕግ አሳድጋኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረትም ያስተማረችኝ እሷው ናት።

ቤቱን ለምን አልለቀቅሽም ትሉኝ ይሆናል። በዚህ ከተማ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው አይጠይቀኝም። ፈልጌ ነበር፤ አቅሜን ያላለፈ ያገኘሁት አልነበረም። ስለዚህ በየቀኑ ግድግዳውን በበረኪና እየፈተግሁ፣ በየሳምንቱ ለጋሽ ታደሰ ፎቶ እየላክሁ፣ በስልክ እየለመንኩ ከረምኩ። እሳቸውም በየሳምንቱ "አየዋለሁ ልጄ" ይሉኛል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበሩ።

በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ ሐሙስ፣ ያ የሰማይ ወንዝ መጣ። ዓርብ ከሥራ ስመለስ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ላይ ይንዠቀዠቃል። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጥቼ የእቴቴን በር ስከፍት ኮርኒሱ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቶ መሃሉ ያንጠባጥባል። አልጋዋ ርሷል። እሷ ባልዲውን ከሥሩ አስቀምጣ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ለባልዲው ዘበኛ የተቀጠረች ነው የምትመስለው።

ለምን አልደወልሽልኝም ስላት "ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው" አለችና ሳለች። ሳሉ ከወትሮው የተለየ ነበር፤ ከታች፣ ከሆድ የሚመጣ። ሳሎን ሶፋው ላይ አስተኛኋት። የሳሎኑም ግድግዳ ከመስኮቱ በላይ ረጥቦ ቢጫ ካርታ ሠርቷል፣ ከሥሩ ሳፋ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው።"

"ሩፉ እኮ ደህና ነው ልጄ። እሱ ኮንደንሴሽን ነው። ወጥ ስትሠሩ ዊንዶው አትከፍቱም፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ኮርኒሱ ላይ ውሃ ይሆናል።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ፈረንጅ ቢለኝ የኛን ሽንኩርት የማቁላላት አበሳ አያውቅ ብዬ እተወው ይሆናል። እኚህ ሰው ግን ያንኑ ወጥ እዚያው ቤት ተቀምጠው "እጅዎ ይባረክ እናታችን" እያሉ የበሉ ናቸው።

"ጋሽ ታደሰ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ አሁን ደፍቼ መምጣቴ ነው። የወጥ እንፋሎት ባልዲ አይሞላም። እናቴ ታማለች። ሰኞ ሲቲ ኮል አደርጋለሁ፣ የማዘጋጃ ቤት ኢንስፔክተር ይምጣና ይየው።"

ይኼኔ ድምፃቸው ማር ሆነ። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን አሉኝ። በአባትና በልጅ መሃል መንግሥት ምን ይሠራል፣ የአገራችንን ሰው ስም ለነጭ አሳልፈን እንሰጣለን ወይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁና እስከዚያ ታገሺኝ አሉኝ። እኔ ጣሪያ የሚጠግን ሰው ነው የምፈልገው፤ እሳቸው የሚልኩልኝ ነገር የሚጠግን ሰው ነው። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ የደረሳት እቴቴ ከሶፋው ላይ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችኝ።

"ሽማግሌ አመጣለሁ ባለ ሰው ላይ መንግሥት አይጠራም" አለችኝ። በቃ። እናቴ ናት፣ ታማለች፣ ዘጋሁት።

ቅዳሜን ውሃ ስንደፋ ዋልን። አንድ ነገር ግን አጽናናኝ። ሽማግሌዎቹ ሰው ናቸው፣ ዓይን አላቸው። ገብተው ያንን ኮርኒስ፣ ያንን ጥቁር ግድግዳ፣ ያችን የምታቃስት ሴት ሲያዩ ያፍራሉ አልኩ። እኔ ምንም መናገር አይጠበቅብኝም፣ ባልዲው ይናገርልኛል ብዬ ነበር።

እሁድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ አለ። ሁሉንም ነገር እንዳለ ትቼ ለእንግዶቹ ለስላሳ ልገዛ ወጣሁ። ተመልሼ በሩን ስከፍት የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሳፋው የለም። ረጥቦ በነበረው የሳሎን ግድግዳ ላይ እቴቴ ከአገር ያመጣችው ጥልፍ ያለበት ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል። ምስር ወጥ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፣ ጎመኑ ተከድኗል፤ ጾም ነበር። የመኝታ ቤቷ በር ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ባልዲውን ፈልጌ ያገኘሁት መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ፣ ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ ነው። ከኮርኒሱ ሥር በባልዲው ፈንታ ፎጣ አጣጥፋ አኑራለች፣ ሲንጠባጠብ እንዳይሰማ።

እሷ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ከበረኪናው ሽታ የተነሣ ዓይኗ ቀልቶ፣ የምድጃውን ጠርዝ ይዛ እያሳለች ቆማለች።

"እቴቴ፣ ሰዎቹ እኮ ሊያዩት ነው የሚመጡት።"

"ሊያዩት ይምጡ እንጂ እንግዳ ናቸው። እንግዳ እየመጣ ባልዲ ይደረደራል? የማን ልጅ ነሽ?"

ባልዲውን ከገንዳው አወጣሁት። ከእጄ ነጠቀችኝ። መልሼ ያዝኩት። እናትና ልጅ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ በሁለት በኩል ይዘን ስንጓተት፣ ደወሉ ጮኸ። እሷ አሸነፈች፤ ባልዲው ወደ ገንዳው ተመለሰ፣ እኔ በር ልከፍት ሄድኩ።

ጋሽ ታደሰ ሦስት ሰው አስከትለው ገቡ። አንደኛው ዶክተር አለማየሁ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ። ሁለተኛው ጋሽ በቀለ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ታክሲ ነድተው አሁን የተጣላ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የሚውሉ። ሦስተኛውን ሽማግሌ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምርኩዝ የያዙ ሰው ነበሩ፣ ሰላምታም በአንገታቸው ነው የሰጡን።

"እንዴት ያለ ያማረ ቤት ነው" አሉ ዶክተሩ ዙሪያውን እያዩ።

እቴቴ ደስ አላት። ጋሽ ታደሰም ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ ዕቃው ሳይታይ የተሸጠለት ነጋዴ ፈገግታ ናት።

ምሳ ቀርቦ በሉ። መቼም ሽማግሌ ሳይበላ አይናገርም፣ ከበላ በኋላ ደግሞ የበላበትን ቤት ማስቆጣት አይወድም። ምስሩን አመሰገኑ፣ እቴቴን መረቁ። ወጡ ሲንተከተክ ስለዋለ የሳሎኑ መስኮት በእንፋሎት ተሸፍኗል። ጋሽ ታደሰ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳለፉ፣ የረጠበውን ጣት ለሽማግሌዎቹ አሳዩ።

"ይኸው። ይኼን ነው የምላት። ኮንደንሴሽን።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁና ሳይንሱ ትክክል ነው አሉ። ሙቅ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ምን እንደሚሆን ረጅም ማብራሪያ ሰጡ። ልብ በሉልኝ፤ እናቴ ከሕመሟ ተነሥታ ለእነሱ ክብር የሠራችው ወጥ፣ ገና ከአፋቸው ሳይወርድ፣ ማስረጃ ሆኖ የቀረበባት በራሷ ላይ ነው። እኔ ያን ሰዓት እንዴት ዝም እንዳልኩ አላውቅም። እንደውም ዝም አላልኩም፤ ኑ መኝታ ቤቱን እዩት ብዬ ተነሣሁ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ዘረጉ።

"የእናት መኝታ ቤት ይገባል እንዴ? ነውር ነው ልጄ።"

ነውር ነው፣ አሉ ጋሽ በቀለ። ነውር ነው፣ አሉ ዶክተሩ። እቴቴም ነውር ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በገዛ ባህሌ አራት ግድግዳ ውስጥ ተቆለፈብኝ።

ውጪ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን እየደበደበ። ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፍርዱን ተናገሩ።

"ልጄ፣ አንቺ ልጅ ነሽ፤ አፍሽ ቀድሞሻል። በራስ ሰው ላይ 'ሲቲ' ማለት አልነበረብሽም። ተነሺና የጋሽ ታደሰን ጉልበት ስመሽ ይቅር ይበሉኝ በይ። እሳቸው ደግሞ በበጋ ቀለሙን ያስቀቡልሻል።"

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ አንድ ቃል ልጨምር አሉ። ቂም የለኝም፣ ነገር ግን ቤቱ ካልተስማማቸው የኔም ልጅ ቤት እየፈለገ ነው፣ አሉ። ነገሩ ገባኝ። ወይ ጉልበት መሳም፣ ወይ የታመመች እናቴን ይዤ ዝናብ ላይ መውጣት።

ተነሣሁ። እንደምቆጣ ያወቀችው እቴቴ በዓይኗ ለመነችኝ፤ ጉልበታቸውን ሳሚ፣ ይለፍ፣ ሰው ፊት ነው። ሳሚ ያለችኝ ሴት ትንፋሿን ለመሰብሰብ የሶፋውን ክንድ ጨብጣ ይዛ ነበር። ለእሷ ስል አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ጎንበስም አልኩ። ያኔ ሳሉ መጣባት። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተነሣ እየወረደ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማው ሳለች። ጋሽ ታደሰ የምስምላቸውን ጉልበት እንደዘረጉ ወደ ዶክተሩ ዞር አሉ።

"ሳሉን እንኳ እናታችን ከአገር ይዘውት የመጡት ነው። የጭሱ ነው።"

ሳሉ ቆመ። እቴቴ መሐረቡን ከአፏ አነሳች።

"ምኑን ነው ከአገር ይዤው የመጣሁት?" አለች።

ከሶፋው ስትነሣ ልደግፋት ብሄድ እጄን ገፋችው። ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ያንን ጥልፍ መጋረጃ ከታች ይዛ ሳበችው። ከነዘንጉ ወረደ። ከሥሩ ያለው ካርታ ከዓርብ ወዲህ ሰፍቶ፣ ጠርዙ ጠቁሮ፣ ውሃ በቀጭኑ ይፈስበታል። ቀጥላ የመኝታ ቤቷን በር ወለል አድርጋ ከፈተች።

"ተነሡ። ግቡ። ሽምግልናው እዚህ ይለቅ።"

ጋሽ በቀለ እናታችን ነውር ነው ብለው ሊጀምሩ ነበር። "ነውሩን እኔ ፈቅጃለሁ፣ ግቡ" አለቻቸው። እናቴ በሕይወቷ ባዕድ ወንድ መኝታ ቤቷ አስገብታ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ጫማቸው ላይ እያዩ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ ገቡ። ሽታው ደጃፉ ላይ ነው የተቀበላቸው። ኮርኒሱ እስከ ቁመታችን ሊደርስ ተነፍቷል፤ ፎጣው ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል፣ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ፈትጋ ያጸዳችው የግድግዳው ወገብ ነጭ ነው፣ ከወገቡ በላይ እጇ ያልደረሰበት ሁሉ ጥቁር ነው።

እስከዚያች ሰዓት እቴቴ ባለቤቱን ከእርስዎ በታች ጠርታቸው አታውቅም ነበር፤ በዕድሜ ትበልጣቸዋለች፣ ግን ቤት ሰጭ ናቸው። አሁን አልጋዋን በእጇ አሳየቻቸው።

"ታደሰ፣ ተቀመጥ።"

"እናታችን፣ እኔ እኮ—"

"ተቀመጥ ብያለሁ። እኔ የምተኛበት ነው።"

ተቀመጡ። ፍራሹ ውሃ ሲተፋ ሱሪያቸውን አራሰው። ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ ትከሻቸው ላይ አረፈች፣ ቀጥሎ ሌላ። እኚያ ስማቸውን የማላውቀው ሽማግሌ መቆም ደክሟቸው ግድግዳውን ተደገፉ፤ መዳፋቸውን ሲያነሡት ጥቁር ነው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከመጡ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ተናገሩ።

"ይኼ የወጥ እንፋሎት አይደለም። እኔ ሳላይ በልቼ ፈርጃለሁ። ፍርዴን አንስቻለሁ።"

ጋሽ ታደሰ ከአልጋው ተነሡና እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም አሉ፤ አላሳያችሁኝም፣ ሁሌ ስመጣ ቤቱ ያማረ ነበር አሉ። ልፈነዳ ነበር። በየሳምንቱ የደወልኩት ለማን ነው? ፎቶ የላክሁት ለማን ነው? እቴቴ ግን ቀደመችኝ። አልጮኸችም። ትንፋሿ ስለማይበቃት ቃሉን እየቆራረጠች ነው የተናገረችው።

"እውነትህን ነው፣ ሸፍኜልሃለሁ። ይኼን ሁሉ ጊዜ የሸፈንኩት የራሴን ገበና መስሎኝ ነበር። ለካ ያንተን ነው።"

ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ነገ ደውዪ። ለማንም ይታይ።"

ጋሽ በቀለ ይኼንንም በሽምግልና እንጨርሰው፣ ነገሩ ገና ትኩስ ነው አሉ። "ሽምግልናው አልቋል" አለቻቸው፤ "በልታችኋል፣ መርቃችኋል፣ ፈርዳችኋል።" ኮታቸውን እኔ አቀበልኳቸው። ዝናቡ ላይ ሲወጡ ጃንጥላ አልሰጠኋቸውም፤ ቅያሜዬን ከደበቅሁ ሐሰት ነው።

ሰኞ ደወልኩ። ኢንስፔክተሩ መጣ፣ አየ፣ ቤቱ እስኪጠገን ሰው አይተኛበትም አለ። ለዓመታት "አየዋለሁ ልጄ" ሲባል የኖረው ጣሪያ፣ መንግሥት ዓይኑን ሲጥልበት ከፋሲካ በፊት አዲስ ሆነ። እኛ ግን አልተመለስንበትም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሄይዋርድ ላይ ከጓሮዋ ያለችውን ትንሽ ቤት አከራየችን። ጠባብ ናት፤ ግን ጠዋት ፀሐይ እስከ እቴቴ ትራስ ድረስ ይገባል። ሐኪሟ የፈራችው የሳንባ ምች በዚያው ሳምንት ይዟት ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ወጣች። ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። ደረጃ ስትወጣ አሁን መሃል ላይ ትቆማለች። ይኼን ማን ይመልስልኛል?

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬው ቀደመን። "ያገሯን ሰው ለመንግሥት የሰጠች" ተባልኩ። ሰላምታ የነፈጉኝ አሉ። ጋሽ ታደሰ ዛሬም ከፊት ይቆማሉ፤ ሲያዩኝ ወደ ሥዕሉ ይዞራሉ። እኚያ ባለ ምርኩዝ ሽማግሌ ግን እሁድ እሁድ እቴቴ ወደ ተቀመጠችበት መጥተው ጎንበስ ብለው ጤናዋን ይጠይቃሉ። አሁንም ብዙ አይናገሩም።

እናንተ ይኼን የምታነቡ ሰዎች፣ ሽምግልናን ልትሰድቢ ነው እንዳትሉኝ። ሽምግልና ስንት ትዳር አቁሟል፣ ስንት ደም አድርቋል። የምቆጣው ሌላ ነገር ላይ ነው። የተበደለውን ዝም ለማሰኘት ሲጠራ፣ የሚጠራው ሁሌ በዳዩ ሲሆን፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሁሌ ልጅየው፣ ተከራዩ፣ ሴቷ ሲሆን፣ እሱ ሽምግልና አይደለም፤ በነጠላ የተጠቀለለ ማስፈራሪያ ነው። ያገር ልጅ ብሎ ያለ ወረቀት የሚያስገባችሁ ሰው፣ በዚያው ያገር ልጅነት አፋችሁን ቢይዛችሁ አትቀበሉት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አይነቅዝ ይሆናል። እኛ ቤት ግን ሻግቷል።

ስለ ኢንስፔክተሩ ደግሞ አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። የመጣ ቀን፣ የእጅ ባትሪውን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ በኮቴው ሰማሁት። ባልዲው የእቴቴ ክፍል መሃል ላይ፣ ግማሽ ድረስ በጥቁር ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ያን ሁሉ የተቆጣሁት፣ ያን ሁሉ የታገልኩት እኔ፣ ሳላስበው ሮጥኩና እጀታውን ያዝኩት። ሰውየው ከመግባቱ በፊት ላነሣው ነበር።

እቴቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከሶፋው ላይ አየችኝ።

"ተይው ልጄ" አለችኝ። "ያፈሰሰው ጣሪያው ነው፤ እኛ አይደለንም።"